«ልጓም» ብቻውን አይበቃም፤ በፈረስ መግሪያ ዕቃዎች አሰያየም ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ፈረስ አገራር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አጭር መመሪያ በቅርቡ አንብበናል። ዐረፍተ ነገሩ የጠራ፣ ሰዋስዉም የተስተካከለ ነው። ሆኖም «ልጓም» የሚለው ቃል ለአራት ልዩ ልዩ ዕቃዎች አቻ ሆኖ ገብቷል፤ ይኸውም በፈረሱ አፍ ለሚገባው ብረት፣ ብረቱን ለሚይዘው የራስ ጠፍር፣ በአፍንጫው ላይ ለሚዞረው ጠፍርና ፈረሱ በረት ውስጥ ለሚታሰርበት ማሰሪያ ነው።

በዕለታዊ ንግግር ይህ ነውር የለውም፤ በክፍሉ ስም ሙሉውን መጥራት የቋንቋ ልማድ ነውና። መመሪያ ግን እጅን የሚያዝ ጽሑፍ ስለ ሆነ ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ መመሪያው ልጓሙ ሁለት ጣት እንዲያሳልፍ ሆኖ ይታሰር ይላል። ትእዛዙ የተሰጠው ለአፍንጫው ጠፍር ነው፤ ልኩም የሚወሰደው ከፊት፣ በአፍንጫው አጥንት ላይ እንጂ ሥጋው በሚለሰልስበት በጎን በኩል አይደለም። አንባቢው ቃሉን እንደ ልማዱ ለአፍ ብረት ቢወስደው ብረቱን ከልክ በላይ ያላላል፤ የላላውም ብረት ዝቅ ብሎ የፊት ጥርስን ይመታል። ሕመሙን የሚቀበለው እንስሳ ስሕተቱ የፈረሰኛው ይሁን የተርጓሚው አይለይም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል ጥርስ ያልበቀለበት የድድ ክፍል አለ፤ ብረቱ የሚያርፈውም በዚሁ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ክፍል «ባርስ» ይለዋል። ቃሉ «ዘንጎች» የሚል ፍችም ስላለው ተርጓሚው ብረቱ «በዘንጎቹ ላይ ይረፍ» ብለዋል። አንባቢው የሌለ ዘንግ ሲፈልግ ይውላል። «ጥርስ አልባው ድድ» ቢባል ግን ማንም ጣቱን አስገብቶ ሊያገኘው ይችላል።

ለመሆኑ አማርኛ ቃል አጥቶ ነውን? አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር ላይ ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ ሲነገር «ልባብ» እና «ልጓም» ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የያዕቆብ መልእክት ግን ስለ ፈረስ አፍ ሲናገር ልጓምን ብቻ ይጠራል። እንግዲህ ብረት የሌለውን፣ በራስና በአፍንጫ ላይ የሚታሰረውን «ልባብ»፣ አፍ የሚጎርሰውን «ልጓም»፣ ፈረሰኛው በእጁ የሚይዘውን ጠፍር «ዛብ» ብንል አዲስ ቃል ሳንፈጥር ግማሹን መንገድ ሄደናል። መመሪያው ዛብንም፣ ፈረስ በክብ የሚዞርበትን ረጅም ገመድም «ገመድ» ብቻ ማለቱ ስለዚህ ያስቆጫል። ሁለተኛው «ማዞሪያ ገመድ» ቢባል ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

አዲስ ስያሜ የሚያስፈልገው ለ«ካቬሶን» ነው። ይህ ዕቃ በአፍንጫው ላይ ቀለበት ያለው ሲሆን፣ ማዞሪያው ገመድ የሚታሰረው በዚሁ ቀለበት ላይ ነው። ዓላማውም ገና ያልተገራ ፈረስ ሲሳብ ጉተታው በአፉ ላይ እንዳያርፍ ነው። ተርጓሚው «የአፍንጫ ልጓም» ማለታቸው የዕቃውን ዓላማ ያፈርሳል፤ አፍን ለማዳን የተሠራውን በአፍ ዕቃ ስም ጠርተውታልና። «ባለ ቀለበት ልባብ» የሚለውን እንመርጣለን።

በራሱ በልጓም ውስጥም ልዩነት አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎን እንኳ ለአንድ ፈረስ ልሙጥና ሻካራ፣ ሁለት ልጓም ይኑር ብሎ ነበር። የዛቡን ጉተታ እንዳለ የሚያስተላልፈውን «ቀጥተኛ ልጓም»፣ በጎኑ በወረዱት ክንዶችና በአገጭ ሥር ባለው ሰንሰለት ኃይሉን የሚያባዛውን «ባለ ክንድ ልጓም» ማለት ይቻላል። ጀማሪ ሁለተኛውን በስሕተት ቢመርጥ ትንሽ ጉተታ ትልቅ ሕመም ትሆናለች።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ናቸው አንልም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር ኮርቻ የሚጭኑ፣ ልጓም የሚያጎርሱና ጠፍር የሚያበጁ ሰዎች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። የቃላት ኮሚቴ ከጠረጴዛው ከመቀመጡ አስቀድሞ ወደዚያ ሄዶ እያንዳንዱን ጠፍር በእጁ እየዳሰሰ በአማርኛም በአውንጂም ስሙን ቢጠይቅ፣ ከላይ ካቀረብናቸው የሚሻል ቃል ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ የእኛዎቹ ቢሰረዙ ቅር አይለንም።