ዝናብ የጣለ ለት

ሰሞኑን ማታ ማታ ከእጄ የማይጠፋው ጌም «ስታርዲው ቫሊ» ነው። የቢሮ ሥራ የሰለቸው ሰው ከአያቱ የወረሰውን ጠፍ መሬት መንጥሮ ያርሳል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ነው።

እኔን የሚማርከኝ ዝናቡ ነው። ሌላ ቀን ጠዋት ማጠጫዬን ይዤ ቡቃያውን አንድ በአንድ አዳርሳለሁ፤ ባጠጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ይቀንሳል። ዝናብ የጣለ ለት ግን መሬቱ ርሶ፣ ጠቁሮ ይጠብቀኛል። ቀኑ የራሴ ሆነ ማለት ነው! ወንዝ ወርጄ መንጠቆ እጥላለሁ። በጸደይ ዝናብ አምባዛ ይገኛላ። ማውጣቱ ግን አንጀት ያሳርራል፤ አረንጓዴዋን አሞሌ ሽቅብ ቁልቁል ከሚዘለው ዓሣ እኩል ማስኬድ ያስፈልጋል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ቤት ገብተው ካልተኙ ደግሞ ባሉበት መዘረር አለ (እውነተኛው ሌሊትም ብዙ አይለይም)።

አሁን የሚያምረኝ ባሮን በ2021 ያስተዋወቀው «ሆንትድ ቾኮሌቲየር» ነው፦ መናፍስት በሚኖሩበት ግንብ ቸኮሌት እየሠሩ መሸጥ። ሰውዬው ግን እሱን እያቋረጠ ወደ አሮጌው እርሻ እየተመለሰ በነፃ ማሻሻያ ይጨምርበታል፤ 1.6 የተባለው በ2024 ወጣ። አልቀየመውም፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ያው እርሻ ነው።