መጥለቅና መስጠም

በእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ተቀምጦ ስለ ባሕር ወለል ቃል መምረጥ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ይሁንና ስለ «ኡምብሪያ» በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ተርጓሚ ከዚሁ ድፍረት አያመልጥም። ኡምብሪያ ቦምብ፣ ሲሚንቶና የፊያት መኪናዎች ጭና ወደ ምፅዋ ስታመራ፣ ኢጣሊያ ጦርነት ባወጀችበት በሰኔ 1932 ዓ.ም. ፖርት ሱዳን አጠገብ የገዛ መርከበኞቿ ያሰጠሟት የጭነት መርከብ ናት። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ ከጎበኛት ወዲህ ብዙ ጠላቂዎች ወርደውባታል።

«ጎብኚዎቹ ወደ መርከቧ ሰጠሙ» የሚለውን ዓይነት አጻጻፍ አንቀበልም። የሰጠመ በፈቃዱ አይመለስም፤ የጠለቀ ግን ይወጣል። ፀሐይም ጠለቀች እንጂ ሰጠመች አትባልም፤ ነገ ትወጣለችና። «ሰርጓጅ» ደግሞ አስቀድሞ ለመርከብ ተይዟል። ስለዚህ ሰውየው ጠላቂ፣ ኡምብሪያ የሰጠመች ይባሉ።

ከዚህ የከፋው «የኦክስጅን ሲሊንደር» ነው። እንዲህ ያለው ጠላቂ በጀርባው የሚያዝለው እንደ ወትሮው የታመቀ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ግድም በታች ሊመርዝ፣ አንዘፍዝፎም ራስን ሊያስት ይችላል፤ በውሃ ውስጥ ራስን መሳት ደግሞ ሞት ነው። በመዝገበ ቃላት ስሕተት ሰው ሲሞት ማየት አንሻም። መሣሪያውን በጠቅላላው «ስኩባ» ብሎ መዋስን አንቃወምም፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ከቃላት መነሻ ፊደሎች የተገጣጠመ ስም ነው። ሲሊንደሩ ግን «የታመቀ አየር ሲሊንደር» ይባል።