ሰምና ወርቅ በሦስት መነጽር

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ የቅኔያችንን ባሕርይ የአማራን ኑሮ መክፈቻ ቁልፍ አድርገውት ነበር። በመንዝ ገበሬ መካከል ኖረው የጻፉት ዛሬም የሚደነቅ ነው። ሙግታችን ከአጠያየቃቸው ጋር ነው።

ድርብ ንግግር ለማኅበራዊው ሥርዓት ምን አገልግሎት ይሰጣል? ሌቪን ሲመልሱ፦ ያስቃል፤ ሳያስነውር ያሰድባል፤ የግልን ገመና ይጋርዳል፤ በግልጽ የማይደፈረውን ባለሥልጣን በስውር ያስነቅፋል ይላሉ። ይህ፣ ኅብረተሰብን እንደ አካል፣ ልማድን እንደ ብልት የሚያየው ፈንክሽናሊዝም የሚሉት አመለካከት ነው።

የካርል ማርክስ ተከታዮች ግን፣ ስውሩ ነቀፋ የጠቀመው ማንን ነው? ይላሉ። በጉልት ዘመን በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ ግብር ከፋዩ ገበሬ ጌታውን በሰምና ወርቅ ሸንቁጦ ልቡ ቢቀለው፣ ጎተራው አልሞላም። ነገሩ ማስተንፈሻ ከሆነ ጌታውን ጠቅሟል፤ ቂም ማቆያ ከሆነ ገበሬውን። የአገልግሎት ዝርዝር ብቻውን ይህን አይለይም።

ከጆርጅ ኸርበርት ሚድ ትምህርት የተነሣው ሦስተኛው ወገን ደግሞ፣ ትርጉም የሚወለደው በተናጋሪና በሰሚ መካከል ነው ይላል። ይህ ለተውኔት ጸሐፊ እንግዳ አይደለም። አንድ ቃል ከመድረክ ሲወረወር የፊተኛው ረድፍ ዝም ይላል፤ የኋለኛው ይስቃል። ወርቁ ያለው በዚያ ሣቅ ውስጥ ነው።

የሌቪን ከባዱ ፍርድ፣ አሻሚ ንግግር ከዘመናዊ ሥልጣኔ ጋር አይስማማም ማለታቸው ነው። እስቲ ደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ጋፋት እንሂድ። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አውሮፓውያን ባለሙያዎች ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡባት ስፍራ ናት። የንጉሡ ትእዛዝ ሰምና ወርቅ የለውም፤ «መድፍ ሥሩ» የሚል ግልጽ ቃል ነበር። ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተም መቅደላ ደረሰ። ያንን ጅምር የቀጨው ዐመፅና የ1868 እ.ኤ.አ. ጦርነት እንጂ የቋንቋ አሻሚነት አልነበረም። ሌቪንም ራሳቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ፣ ከአሻሚነት የሸሸውን ዘመናዊ የኅብረተሰብ ጥናት ነቅፈዋል።

እንግዲህ እኛ ደራስያን የደጋውን ገበሬ መድረክ ላይ ስናቆም፣ ንግግሩ ምን እንደሚያገለግል ብቻ ሳይሆን፣ ማንን ፈርቶ እንደሚናገርና ማን እንደሚሰማው እንጠይቅ። አለዚያ ሰሙን ብቻ ይዘን እንመለሳለን።