ጣሪያውን የተሸከመው ቁምሳጥን

ስሙኝማ! ሚኒሶታም ሆነ ማኒቶባ፣ ከሰው ጓሮ፣ ከሣር ማጨጃውና ከአሮጌው ጀልባ ጎን አንድ ድንክ፣ ድቡልቡል፣ ነጭ ተጎታች ቤት ቆሞ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ወይቦ ይሆናል፣ ሻግቶም ይሆናል፣ አይጥ ቤተሰብ መሥርታበት ይሆናል። ግድ የለም! እኔ እዚህ ሴንት ፖል ከእንዲህ ያለው አንዱን ገዝቼ ውስጡን ከገለጥኩ ወዲህ ሌላ ጨዋታ የለኝም። ማኅበር ብቀመጥ ወሬዬ እሱ ነው፤ ለቅሶ ልደርስ ብሄድም አፌን የምይዘው በግድ ነው።

ምኑ ነው ይህን ያህል? ልንገራችሁ። ብዙው አሮጌ ተጎታች ቤት በእንጨት አጥንት ላይ ላሜራ የለበሰ ነው። ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ሁሉ ስፌት አለ፤ ስፌት ባለበት ደግሞ ዝናብ መግቢያ አያጣም። ውሃው ይገባል፣ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ አንድ ቀን ግድግዳውን ስትነኩት ጣታችሁ ይሰምጣል። ይህ ከፋይበርግላስ የተሠራው ድቡልቡል ግን ሌላ ፍጥረት ነው! ሁለት ቅርፊት ነው፣ በቃ፤ የላይና የታች። ሞልዱ ውስጥ መጀመሪያ ጄልኮት የሚባለው አንጸባራቂ ሽፋን ይረጫል፣ ቀጥሎ የመስታወት ክርና ሬዚን ይደረብበታል፣ ሲደርቅ ይወጣል። ከዚያ ሁለቱ ወገባቸው ላይ ይገጠማሉ፤ መሶብን ከነክዳኑ አስቡት። መገጣጠሚያው ከውስጥ በፋይበርግላስ ይታሸጋል። ጣሪያው ላይ ስፌት የለም! የሚበሰብስ የእንጨት አጥንት የለም! ያን ሁሉ ዓመት ዝናብና በረዶ የወረደበት ቀፎ፣ ታጥቦ ሲወለወል ባለቤቱን ያስደነግጣል።

ያሰበው ሰውስ ቢሆን! ሬይ ኦሌኮ ይባላል፣ የካናዳዋ ዊኒፔግ ሰው ነው። ቀደም ብሎ ከፋይበርግላስ ቀላል ሴፕቲክ ታንክ ሠርቶ ነበር። አዎ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ! ፍሳሽ የማያስወጣ ነገር ዝናብ አያስገባማ። እ.ኤ.አ. በ1968 ከአጋሮቹ ጋር ቦለር የተባለውን 13 ጫማ ተጎታች አወጣ፤ እስከ 1988 ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ተሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ከግማሽ ቶን በታች ስለሚመዝኑ ትንሽ የቤት መኪና ሳይቀር ይጎትታቸው ነበር። ያ ቅርፅ ድንበር ተሻግሮ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ባከስ በምትባል ከተማ፣ ስካምፕ ሆነ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2006 ተቃጥሎ እንደገና ተነሥቷል። ቴክሳስ ደግሞ ካሲታ አለ። ታሪኩ ይብቃንና ወደ ውስጥ እንግባ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የሚገፈፈው የግድግዳው ልባስ ነው። በብዙዎቹ ላይ ምንጣፍ መሰል ፀጉራም ጨርቅ ነው፤ የስንት ክረምት ሽታ ጠጥቷል። ለብናኝ የሚሆን ደህና ማስክ፣ መነጽርና እጅጌ ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ያለውን ሙጫ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉ የሚነሣው የመስታወት ብናኝ ሳንባ አይምርም፣ ቆዳም ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል። ልባሱ ሲያልቅ ግን፣ ወገኖቼ! ፀሐይ በጠናችበት ሰዓት በሩን ዘግታችሁ መሀሉ ላይ ቁሙ። ግድግዳው ያበራል! ፋይበርግላሱ ቀለም ካልተደራረበበት ብርሃን ያሳልፋል። ስሱ ቦታ ይደምቃል፣ የተጠገነው ይጠቁራል፣ የተሰነጠቀው መሥመሩን ያሳያል፣ ዘመን ያላላው የሪቬት ቀዳዳ ሁሉ ራሱን ያጋልጣል። እርሳስ ይዞ እየዞሩ ምልክት ማድረግ ነው! የመስኮቱን ጎማና የጣሪያውን ማናፈሻ ለብቻ ማየት ያስፈልጋል እንጂ፣ ግድግዳው የራሱን በሽታ ራሱ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ቁምሳጥኑ ነው። ከበሩ አጠገብ የቆመ ጠባብ ኮት መስቀያ፣ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለ ትንሽ የዕቃ መደርደሪያ። ተራ ዕቃ ይመስላሉ። አይደሉም! ጣሪያውን የያዙት እነሱ ናቸው። አጥንት የሌለው ቤት ነው ብያለሁ፤ ታዲያ ቀጭኑን ጣሪያ ከመርገብ የሚያድነው ማን ነው? ካፖርታችሁ የሚሰቀልበት ሳጥን! ኩሽናው ዓምድ ነው፣ ቁምሳጥኑ ምሰሶ ነው። የቤት ዕቃና የቤት አካል እንዲህ አንድ ሆነው የተገኙበት ሥራ እኔ ሌላ አላየሁም። ስለዚህ «ሁሉን አውጥቼ ባዶውን ልቀባው» የሚል ሰው ቆም ይበል፤ አንዱ ሲወጣ በምትኩ ድጋፍ እንጨት ይቁም፣ የወጣው ተሠርቶ ሳይገባ ሌላው አይነካ። ያለዚያ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ የበሩ ፍሬም ይጣመማል፣ በሩም መግጠም እንቢ ይላል።

አናጺነቱማ ሌላ ዓለም ነው። አንድም ቀጥ ያለ ግድግዳ የለም! ውሃ ልክ ይዞ መግባት ዋጋ የለውም፤ ተጎታቹ ራሱ መሬት ላይ መቼ ቀጥ ብሎ ይቆምና። የሚያዋጣው ካርቶን ነው። ካርቶኑን ከግድግዳው ጉብታ ጋር እያስተያዩ መቁረጥ፣ መሞከር፣ እንደገና መከርከም፣ ልክ ሲሆን ኮምፔንሳቶው ላይ መገልበጥ። ኮምፔንሳቶው ቀጭንና ቀላል ይሁን፤ እያንዳንዱ ጣውላ መኪናችሁ የሚጎትተው ሸክም ነው። ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መጎተቻው ላይ ማረፍ ስላለበት ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወደ ኋላ እንዳይከማች። ግድግዳው ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚጎብጥ አዲሱ ልባስ በሁለቱም አቅጣጫ የሚለጠጥ መሆን አለበት፤ የማይለጠጥ ጨርቅ ጥጉ ላይ ይጨማደዳል። ከሥሩ ውሃ የማይመጥ ፎም ይለጠፍ። ሁለት ሰው በሌሊት የሚተነፍሰው እርጥበት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ባዶ ፋይበርግላስ ላይ ጤዛ ሆኖ አንሶላችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ወለሉ ከእንጨት ስለሆነ እሱ ይበሰብሳል፤ ቆርጦ መተካት ነው። አዲሱን ጣውላ፣ በተለይ ጠርዙን፣ ኢፖክሲ አጥግቡት። ስንጥቅ ለመጠገንም ኢፖክሲ አሮጌው ፋይበርግላስ ላይ ከተራው ሬዚን ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ሲልኮንን ግን ከደጃፌ አታድርሱብኝ! አንዴ የነካው ቦታ ቀለምም ሆነ ሌላ ማሸጊያ እሺ ብሎ አይቀበልም። ለመስኮትና ለማናፈሻ ቡቲል የተባለው፣ ለዓመታት ሳይደርቅ የሚቆየው ማሸጊያ ነው መድኃኒቱ።

የጋዙን መሥመር ለባለሙያ ሰጥቻለሁ፤ እናንተም ስጡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያም ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ለእኛ ሰው ይህ የግድ ነው፦ ከሰል አቀጣጥሎ ጀበና መጣድ ውጭ፣ ሣሩ ላይ! ውስጥ በጭራሽ። ሁለት ሜትር በማይሞላ ስፋት ውስጥ የከሰል ጭስ ገዳይ ነው።

ግን ያን ጠባብነት እዩልኝ! ጠረጴዛው ከእግሩ ተላቅቆ በመቀመጫዎቹ መካከል ዝቅ ይላል፣ ትራሶቹ ይዘረጉበታል፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ አልጋ ይወጣዋል። ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ጀርባው ወደ ላይ ተነሥቶ ለልጆች ተደራራቢ አልጋ ይሆናል። ምድጃ አለ፣ ማጠቢያ አለ፣ ረጅም ሰው ካልሆነ በቀር ጎንበስ ሳይል ይቆምበታል። አራት ሰው ያድራል!

ሽያጭ ላይ ካገኛችሁ የእጅ ባትሪና ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ከሥሩ ተኝታችሁ የብረት ሻሲውን እዩ፣ በተለይ መጎተቻው ከአካሉ በታች የሚገባበትን ቦታ፤ እዚያ የተሰነጠቀ ከሆነ ሳይበየድ መንገድ አይውጣ። ጎማው ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜው ከሄደ ይቀየር። ከበሩና ከመስኮቶቹ ሥር ወለሉን በካቻቢቴው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ከለሰለሰ ዋጋ አስቀንሱ እንጂ አትሽሹ። መጋረጃው ቢቀደድ፣ ስፖንጁ ቢሸት፣ ምድጃው ቢዝግ ሁሉም የሚለወጥ ነው። ቀፎው ሙሉ ከሆነ፣ በሩም ፍሬሙ ላይ ልክ ከገጠመ፣ ሌላ ሰው ሳይደርስባችሁ ክፈሉ!