«ሕዝቡ አልሰማም» ስለሚባለው ፍርድ፤ በጋምቤላ የጊኒ ዎርም ማስጠንቀቂያ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ጤና ማስጠንቀቂያ በተነሣ ቍጥር በእኛ በተማሪዎች መካከል ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ሕዝቡ አልሰማም» የሚል ነው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህንኑ በድርሰት ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ዛሬ ግን ፍርዱ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ሆኖ ስላገኘሁት፣ በጋምቤላ ክልል በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ስለ ጊኒ ዎርም በሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ላይ ጥቂት አሳብ አቀርባለሁ።

የመልእክቱ ፍሬ ነገር ሦስት ነው፤ የኩሬ ውሃ ሳይጣራ አይጠጣ፤ ትል የወጣበት ሰው ውሃ ውስጥ አይግባ፤ በሽታውን ያየ ያስታውቅ። በዕውቀት ረገድ እንከን አይገኝበትም። ለበሽታው ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ 3.5 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የሕሙማን ቍጥር በ2023 ወደ 14 የወረደው በዚሁ በመከላከል መንገድ ነው።

ችግሩ ያለው ሰሚው ባለበት ኑሮ ላይ ነው። እጩን የያዙ ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ከተጠጡ በኋላ ትሉ ከገላ የሚወጣው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዛሬ የጠጣ ነገ አይታመምም፤ ጎረቤቱም ጠጥቶ ደኅና ሲውል ያያል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን የሚጠራጠር ሰው ዐይኑን ያመነ እንጂ ሞኝ አይደለም። ደግሞም ቍስሉ እንደ እሳት ሲያቃጥለው እግሩን ውሃ ውስጥ መንከር ያሳርፈዋል፤ ትሉ እጩን የሚረጨውም ያን ጊዜ ነው። መልእክቱ ይህን ዕረፍት ሲከለክለው ምትክ ሊሰጠው ይገባል። በ2017 በአገራችን የተመዘገቡት 15 ሕሙማን በአቦቦ ከሚገኝ ሰፊ እርሻ የሥራ ሰዎች ጋር የተያያዙ ነበሩ። በፀሐይ ሲሠራ ውሎ ከኩሬ በቀር ውሃ ለሌለው ሰው ምክር ብቻውን ጥሙን አይቈርጥለትም።

የተማረው ሰው ከዚህ የተለየ እንዳይመስለን። በ1965 ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በየል ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ስለ መንጋጋ ቈልፍ አስጠንቅቀው ነበር። የጽሑፉን አስፈሪነት ማብዛት የተከታቢዎችን ቍጥር አላበዛም፤ የክትባቱን ቦታ በካርታ ማሳየትና ቀኑን አስቀድሞ ማሳሰብ ግን አበዛው።

በዚህ መለኪያ የጋምቤላው ሥራ ብርቱ ጎንም አለው። የማጣሪያ ጨርቅ ያድላል፤ በሽታውን ላስታወቀም ሽልማት ይሰጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረታችን፤ ለዚህ በሽታ ግን ላልደበቀውም መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ሽልማቱ ለመናገር ምክንያት ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ተደርጎ በ2018ና በ2019 የጠፋው በሽታ በ2020 ለምን በ11 ሰዎች ላይ ታየ?» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። መልሱ በከፊል በውሾችና በዝንጀሮዎች ዘንድ ነው፤ ትሉ በእነርሱም ላይ ተገኝቷልና። ውሻና ዝንጀሮ ስብከት አይሰሙም፤ ጥፋቱን በሰው ጆሮ ላይ ብቻ መጣል ግን ምርመራውን ያለ ጊዜው ይዘጋዋል።

ስለዚህ ወደ ገጠር ወጥተን የምናጠና ሁሉ «ሰምተዋልን?» ከማለታችን በፊት «ንጹሕ ውሃው ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብለን እንጠይቅ። የቀድሞ ድርሰቴም የጐደለው ይኸው ጥያቄ ነበር።