«ይበቃኛል» ስንል እስከ ምን ድረስ ነው? የጃይናውያን ትምህርት ስለ ንብረት ሲመዘን

ሌሎች ሃይማኖቶች ስለ ንብረት የሚያስተምሩትን ስንመረምር ለፍርድ እንቸኩላለን። «በሥራ ለመዳን የሚደረግ ጥረት ነው» እንልና ጉዳዩን እንዘጋዋለን። በሕንድ ስለሚኖሩት ጃይናውያን እንዲህ ከማለታችን በፊት ግን ትምህርታቸው ለእኛ የሚያቀርበውን ጥያቄ ልንሰማ ይገባል።

አፓሪግራሃ፣ ማለትም ንብረትን አለመያዝ፣ የጃይን መነኮሳት ከሚገቡት አምስት ታላላቅ ስእለቶች አንዱ ነው። የሽቬታምባራ ወገን መነኮሳት ነጭ ልብስ ይለብሳሉ። የዲጋምባራ ወገን ወንዶች መነኮሳት ግን ልብስንም ይተዋሉ፤ ከሚይዙት ጥቂት ነገሮች መካከል የውሃ ዕቃና ጥቃቅን ፍጥረታትን ሳይጎዱ የሚጠርጉበት የፒኮክ ላባ ይገኛሉ።

ከምእመናኑ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ናቸው። ለእነርሱ የተሰጠው ቀለል ያለ ስእለት ነው፤ መሬትን፣ ቤትን፣ ወርቅን፣ እህልን፣ ከብትን እየለዩ «ከዚህ አላልፍም» ብሎ አስቀድሞ ወሰን ማበጀት። ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት የኡማስቫቲ ድርሰት፣ ታትቫርታ ሱትራ፣ ንብረት መያዝን «ሙርቻ» ይለዋል። ቃሉ ራስን መሳትን፣ በነገር መፍዘዝን ያመለክታል። የካፒላ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ሰውየው ጥቂት ወርቅ ፈልጎ ወደ ንጉሥ ይሄዳል፤ ንጉሡም የፈለገውን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ካፒላ ምን ልጠይቅ ብሎ ሲያስብ ምኞቱ ከጥቂት ወደ ሺህ፣ ከሺህ ወደ ሚሊዮን አደገ፤ በመጨረሻም በራሱ አፍሮ ሁሉን ተወ። በሉቃስ 12 ያለውን ባለ ጠጋ ያስታውሰናል፤ እርሱ ግን አላፈረም።

እንግዲህ ጃይናውያን ሁለት ነገር አብረው ይይዛሉ፤ ችግሩ ያለው በልብ ነው፣ ስለዚህም ለእጅ ወሰን ያስፈልገዋል። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘናል። «ልቤ በገንዘብ አልተያዘም» የሚለው አባባላችን ልባችንን ከመመርመር የሚያድነን መሸሸጊያ ሆኗል። የብልጽግና ስብከት ደግሞ ወሰን ማበጀትን ራሱን እንደ እምነት ማነስ ይቆጥረዋል።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ጥልቅ ነው። በጃይን ትምህርት ካርማ በነፍስ ላይ የሚጣበቅ ረቂቅ ቁስ ነው፤ ምኞት ያጣብቀዋል፣ ተጋድሎ ያራግፈዋል። ነጻ የወጣችው ነፍስ የማንም እርዳታ አያሻትም፤ ጸጋን የሚሰጥ ፈጣሪም የለም። በእርግጥ ነፍሳት እርስ በርስ እንደሚጠቃቀሙ ታትቫርታ ሱትራ ራሱ ያስተምራል፤ ምጽዋትና ርኅራኄም በመካከላቸው የከበሩ ናቸው። የመንገዱ ፍጻሜ ግን ከቁስም ከዘመድም ፍቅር መላቀቅ ነው።

ጳውሎስ ስለ መርካት የጻፈበትን ቦታ ልብ እንበል። ፊልጵስዩስ 4 በአፍሮዲጡ እጅ ለተላከለት ስጦታ የቀረበ ምስጋና ነው። በማግኘትም በማጣትም መኖርን እንደተማረ ይናገራል፤ ወዲያውም የፊልጵስዩስ ሰዎች መከራውን በመካፈላቸው መልካም እንዳደረጉ ይመሰክራል። የተጠቀመበት የግሪክ ቃል በእስጦኢኮች ዘንድ ራስን መቻልን ያመለክት ነበር፤ ጳውሎስ ግን ብርታቱን በክርስቶስ ላይ አኖረው። ስለዚህ የወንድሞቹን ስጦታ መቀበል አላሳፈረውም። ፍጥረትም ለእርሱ በምስጋና የሚቀበሉት መልካም ነገር ነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 4)።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ልዩነት ከወሰኑ አያሳርፈንም፤ ይልቁን ምክንያቱን ይለውጥልናል። ጃይናዊው ወሰን የሚያበጀው ነፍሱን ለማቅለል ነው። እኛ ግን ሀብቱን ስለ እኛ የተወ ጌታ አለን፤ የምንሠራውም ለቸገረው የምናካፍለው እንዲኖረን ጭምር ነው (ኤፌሶን 4፥28)። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6ን ለመስበክ ወደ መድረክ የምትወጣ አገልጋይ ከሆንህ፣ አስቀድመህ ከትዳር አጋርህ ጋር ተቀመጥና ለቤታችሁ የሚበቃው ስንት እንደሆነ በቁጥር ጻፉ። ከእርሱ የሚተርፈው የማን እንደሆነም ስሙን ጨምሩበት። ስብከቱ ከዚያ ይጀምራል።