ሽታውን የሚያጠፋው ምንድን ነው? ስለ እሳት እራት አንቴና ኤንዛይም የቀረበው ሐሳብ ሲመረመር

ወንዱ የእሳት እራት ሴቲቱን በጨለማ ፈልጎ የሚያገኛት በአንቴናው ጠጉሮች በሚቀበለው ሽታ መሆኑ የታወቀ ነው። አዶልፍ ቡቴናንት በ1959 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቦምቢኮል የተባለውን የሐር ትል እራት ሽታ ለይቶ ለማውጣት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴት እራቶች አስፈልገውታል። ስለ ሽታው አመጣጥ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንመረምረው አጠፋፉን ነው። ነፋስ ሽታውን እየቆራረጠ ስለሚያመጣው፣ እራቱ የአንዱን ሽውታ ማብቃት ቶሎ ካላወቀ የሚቀጥለውን ሊለይ አይችልም፤ መንገዱንም ይስታል።

ሪቻርድ ቮግትና ሊን ሪዲፎርድ በ1981 ዓ.ም. አንቴሬያ ፖሊፌመስ በተባለው የሰሜን አሜሪካ እራት ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ በወንዱ አንቴና ጠጉሮች ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖች መኖራቸውን ገለጡ። አንዱ ሽታውን ይይዛል፤ ሁለተኛው፣ ኤስተሬዝ የተባለው ኤንዛይም፣ አሴቴት የሆነውን ሽታ ሰብሮ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በ1985 ዓ.ም. ከግሌን ፕሬስትዊች ጋራ ባወጡት ጽሑፍ፣ ኤንዛይሙ ባለበት የሽታው ግማሽ በ15 ሚሊሴኮንድ ያህል እንደሚጠፋ ገመቱ።

«ገመቱ» ያልነው ሆን ብለን ነው። የክፍል ማስታወሻችንን መለስ ብለን ብናየው «ተለካ» ብለን ጽፈን አገኘነው፤ ስሕተቱም የእኛ እንጂ የደራሲዎቹ አይደለም። ቁጥሩ ከአንቴና ወጥቶ በተጣራ ኤንዛይም ላይ ከታየው ፍጥነት ተነሥቶ በሒሳብ የተገኘ ነው። በሕያው ጠጉር ውስጥ ግን ሽታውን የሚይዘው ፕሮቲን እጅግ ብዙ ነው፤ የያዘውንም ከኤንዛይሙ ሊከላከልለት ይችላል።

ካርል ኤርንስት ካይስሊንግ የተቃወመውም ከዚሁ ወገን ነው። ካዛንግ ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን የገባበትን ቦምቢኮል በሐር ትል እራት ሙሉ አንቴና ላይ ሲከታተል፣ ሽታው የሚለወጠው በደቂቃዎች ሆኖ ተገኘ። ነርቩ ግን ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ካይስሊንግ፣ ሽታውን ቀድሞ ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ያዡ ፕሮቲን ራሱ ነው፣ ኤንዛይሙም ኋላ የሚጠርግ ነው ሲል አሰበ። መቃወሚያው ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የእርሱም ቁጥር ቢሆን በአንቴናው ገጽ ላይ የተለጠፈውንና ወደ ነርቩ ገና ያልደረሰውን ሽታ ጭምር የሚቆጥር ስለ ሆነ፣ በነርቩ አጠገብ ስላለችው ጥቂት ሽታ ብቻ አይናገርም።

ኢሺዳና ሊል በ2005 ዓ.ም. ይኸንኑ የፖሊፌመስ ኤንዛይም ከጂኑ አሠርተው ፈጣንነቱን አረጋገጡ። እኛ ግን የፍጥነቱ ማስረጃ ቢደጋገም የሥራው ማስረጃ ይሆናል ብለን አናምንም። ይልቅስ በ2012 ዓ.ም. በድሮሶፊላ ዝንብ ላይ የወጣው ጥናት ይበልጥ አሳምኖናል፤ ኤስተሬዝ 6 የተባለው ኤንዛይም የጎደላቸው ዝንቦች፣ አሴቴት ለሆነው ፌሮሞናቸው የሚሰጡት የነርቭ መልስ ከጤነኞቹ ይልቅ ቀስ ብሎ ሲበርድ ታይቷልና። ኤንዛይሙን ነሥቶ ነርቩን የሚጠይቅ ይህን የመሰለ ፈተና በ1985ቱ ጽሑፍ ውስጥ የለም።